ከአዲሱ ድልድይ እስከ ጢስ ዓባይ፦ ስለ ባሕር ዳር የሳይክል መንገዶች ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ እንዲሁም የከተማችንንና የዙሪያዋን መንገድ ለምታቅዱ፣ ለምትሠሩና ለምትጠግኑ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

እኔ መምህርት ነኝ። ባሕር ዳር ተወለድኩ፣ እዚሁ አደግኩ፣ አሁንም እዚሁ አስተምራለሁ። መኪና የለኝም። ባጃጅ የምሳፈረው ዝናብ ሲይዘኝ ወይም እቃ ሲበዛብኝ ብቻ ነው። ሥራ የምገባው፣ ገበያ የምሄደው፣ ለቅሶም ሰርግም የምደርሰው በሳይክል ነው። ለእሑድ ደግሞ ሌላ ሳይክል አለችኝ። ጎማዋ ቀጭን፣ ክብደቷ ቀላል የሆነች ኮርስ። በሷ ከከተማ እወጣለሁ። እወጣ ነበር ማለቱ ይሻላል፤ እሱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። የከተማችን የሳይክል መንገዶች እርስ በርስ ይገናኙ። ከሰፈር ተነስተው ወንዙ፣ ሐይቁና ገጠሩ ድረስ የሚያደርሱ፣ ስምና ምልክት ያላቸው መስመሮች ይሁኑ። እዚህም እዚያም ጥሩ ጥሩ ቁራጭ መንገድ መኖሩ ደስ ይላል። ግን ሳይክል የሚነዳ ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚያስበው ስለ ጥሩው ቁራጭ አይደለም። መሃል ላይ ስላለው ክፍተት ነው የሚያስበው። ልጇን በሳይክል ትምህርት ቤት መላክ የምትፈልግ እናትም ሄዳ ሄዳ የምትወስነው በዚያ ክፍተት ነው። አንድ አስፈሪ አደባባይ ካለ ልጁ አይሄድም። አለቀ።

እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ጠዋት በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ነጠላዋ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስረዋለች። ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ከኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ የታሰረ ትኩስ ዳቦ አይጠፋም። ዛሬም የዳቦ ሽታና የካቴና ዘይት ሽታ አንድ ላይ ከመጣብኝ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ። አብረዋት ከፈረቃ የሚወጡት ሴቶች ብዙዎቹ በሳይክል ነበሩ። ጎን ለጎን ሆነው፣ እየተጫወቱ፣ መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። ሴት ልጅ ሳይክል ነዳች ብሎ ዞሮ የሚያይ ሰው አልነበረም። ይህ ሌላ ቦታ ብርቅ እንደሆነ ያወቅኩት መጀመሪያ ሥራ ስይዝ ሌላ ከተማ ተመድቤ ነው። እዚያ በሳይክል ባለፍኩ ቁጥር ሕፃናት ከኋላዬ ይሮጡ ነበር።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ የሆነችበት ምክንያት አላት። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም መሬቷ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ ጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲያወጡላት ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ሰጧት። ዛሬ ዘንባባ ተሰልፎባቸው የምናያቸው ማለት ነው። በዚያው ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒክ ተቋቋመ። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ሠራተኛና ተማሪ ሞላባት። ለሠራተኛና ለተማሪ ደግሞ በሜዳ ላይ ከሳይክል የተሻለ ምን አለ? ነዳጅ አይጠይቅ፣ ሰልፍ የለው፣ ሌሊትም ቀንም ያገለግላል።

እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ ሳይክል መንዳት የሚያስፈራ ነገር ከሆነ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ገበያው አካባቢ ጎማዬን የሚያስተካክልልኝ ጎሚስታ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል። ባለፈው ካላማዳሪያዬን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን እየፈለገ፣ «መምህርት፣ ድሮ በቀን የማልቆጥረውን ያህል እለጥፍ ነበር፤ ዛሬ እንጀራዬ የባጃጅ ጎማ ነው» አለኝ። በባጃጅ ላይ ቂም የለኝም። ብዙ ወጣት ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ሥራ ነው። ነገር ግን ሳይክል ነጂው ከመንገድ የወጣው ሳይክል ስለጠላ አይመስለኝም። ቦታ ስላጣ ነው።

አሁን ወደ ደጉ ነገር ልምጣ። ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ከዚያ በላይ ግን እኔን ያስደሰተኝ ለእግረኛና ለሳይክል የራሳቸው መንገድ የተተወላቸው መሆኑ ነው። ለ60 ዓመት ገደማ ያገለገለን አሮጌው ድልድይ ባለውለታችን ነው፤ ጠባብነቱን ግን ሳይክል የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላዬ ከባድ መኪና ሲመጣ ድልድዩ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። መሪውን አጥብቄ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር የማልፈው። ዓባይን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ ከፊት ጎማዬ ላይ አይነሳም። በአዲሱ ድልድይ መጀመሪያ ያለፍኩ ቀን መሃል ላይ ቆምኩና ወንዙን አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የተሻገርኩትን ወንዝ ማለት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ክብር ከድልድዩ ወዲያና ወዲህም እንዲቀጥል ነው። የመጀመሪያው መስመር ከዚህ ቢጀመር ብዙ ድካም የለውም። ከጣና ዳር፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ፣ በዘንባባዎቹ ሥር አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይወጣል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሕፃን ልጅም፣ ጡረተኛም ይችለዋል። ዳገቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያስለፋል፤ ግማሹ ሰው ወርዶ እየገፋ ይወጣዋል፤ ችግር የለውም። ኮረብታው አናት ላይ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ሆናችሁ ዞር ስትሉ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በሸንበቆና በዛፍ መሃል እየተጠማዘዘ ሲወርድ ይታያል። ጉማሬ የሚታይበት ጊዜም አለ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት እወዳለሁ። ነፋስ የለም፤ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ታንኳ ላይ የተቀመጠው ሰው መቅዘፊያውን ሲያነሳ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ይይዛችኋል። ያኔ ሜዳውም ዳገት ነው።

ይህን መስመር አንድ ቀለም፣ አንድ ስም ስጡት። በየአደባባዩ የት እንደሚታጠፍ የሚያሳይ ምልክት ይቁምለት። ከዚያ እንግዳ ሲመጣ «ቤዛዊት በሳይክል እንዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ማንንም አይጠይቅም።

ስለ ትንንሽ ነገሮች ልናገር፤ ትንንሾቹ ናቸው ሰው የሚጥሉት። ሁለት ክረምት አልፎታል። የጎርፍ መውረጃ ላይ የተገጠመ የብረት ፍርግርግ ነበር። ብረቶቹ የተዘረጉት መንገዱን ተከትለው ነው፤ እኔ በምሄድበት አቅጣጫ ማለት ነው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር በላዩ ውሃ ተኝቶበታል፣ አይታይም። የኮርሷ የፊት ጎማ በሁለቱ ብረቶች መሃል ገባ። ሳይክሏ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እኔ በመሪው ላይ አልፌ ወደቅኩ። የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። አንድ የባጃጅ ልጅ ነው ሮጦ ያነሳኝ። «አይዞሽ እትዬ፣ ጭንቅላትሽን አልመታሽም?» እያለ ሳይክሏን ከፍርግርጉ ሲያወጣ ጎማው እንዴት እንደገባ ማመን አቃተው። ጣቱን ክፍተቱ ውስጥ ከትቶ ለካው። ሁለት ጣት ይገባል። የኮርስ ጎማ ውፍረት ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። ያን ፍርግርግ የገጠመው ሰው ውሃ እንዲወርድ አስቦ ነው፤ ውሃውም ይወርዳል። የሳይክል ጎማ ትዝ ስላላለው ብቻ ነው። መፍትሔው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ፍርግርጉ አራቱም ጎኑ እኩል ከሆነ ነቅሎ፣ አንድ ጊዜ አዙሮ፣ መልሶ መግጠም ነው። ብረቶቹ ከጎማው ጋር ተቋርጠው ይቆማሉ። ለአዲሱ ሥራ ከመጀመሪያው እንዲያ ማዘዝ ነው። የእግረኛና የሳይክል መንገድ መውጫና መውረጃ ላይ የሚቀረው የድንጋይ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ለእግረኛ ምንም አይደለም። ለሳይክል ግን ጎማ ይሰነጥቃል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን ያነጥራል። ዊልቸር የሚጠቀሙ ወገኖቻችንን ደግሞ ጭራሽ ያግዳቸዋል።

ስፋትም አለ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ከሆነ 2 ሜትር፣ ወዲያና ወዲህ የሚነዳበት ከሆነ ደግሞ 3 ሜትር ቢያንስ ያስፈልገዋል። ከዚያ ካነሰ ሳር የጫነ ሰው ፊት ሲሆን ተማሪው ማለፍ አይችልም። እናቴና ጓደኞቿም ጎን ለጎን እየተጫወቱ መሄድ አይችሉም። ጨዋታ ትርፍ ነገር አይምሰላችሁ። ሰው ሳይክል የሚወደው ከሰው ጋር ሲነዳው ነው።

የሌላ አገር ምሳሌ ላንሳ። ስፔን ውስጥ ሴቪያ የምትባል አሮጌ የወንዝ ዳር ከተማ አለች። ሙቀቷ ከእኛ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ እዚያ ሳይክል የሚነዳ ሰው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ከዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመኪና የተለየ የሳይክል መንገድ ሠሩ፤ የመጀመሪያው ዙር ብቻ 80 ኪሎ ሜትር ነበር። ዋናው ብልሃታቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ አለመሥራታቸው ነው። የተያያዘ መረብ በአንድ ጊዜ ዘረጉ። የነጂው ቁጥር በጥቂት ዓመት ከአሥር እጥፍ በላይ አደገ። እነሱ ሳይክል የሚነዳ ሕዝብ ከባዶ ነው የፈጠሩት። እኛ ሕዝቡ ነበረን፤ አሁንም አለን።

ሕጉም ከጎናችን ነው። አገራችን በ2012 ዓ.ም ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥታለች። ለእግረኛና ለሳይክል መንገድ ይሠራ ይላል። እኔ ከዚያ የተለየ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም።

ወደ ጢስ ዓባይ እንውጣ። ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ከምወዳቸው መንገዶች ሁሉ አንደኛው ይህ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው በሁለት ሰዓት ከምናምን ቀስ ብሎ ይደርሳል። ከተማው ካለቀ በኋላ ሽታው ይለወጣል። ባሕር ዛፍ፣ ጭስ፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። አህያ የሚነዱ ሴቶች ገበያ ሲሄዱ ታገኛላችሁ። በሳይክል ስትሆኑ ሰላምታ አይቀርም፤ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያገኝም። አንድ ቀን ካቴናዬ ወልቆ መንገድ ዳር ስታገል አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው በማሰሮ ውሃ አመጡልኝ። እጄን አስታጥበው፣ ዘይቱ አልለቅ ሲል አመድ ጨምረው አሹልኝ። «ልጄ፣ ብቻሽን ነው የመጣሽው? በይ ቡናውን ጠጪና ትሄጃለሽ» ብለው አስቀመጡኝ። ፏፏቴውን ያየሁት በዚያን ቀን ከሰዓት ሆኖ ነው።

ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። መታየት ያለበት ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። በበጋ ውሃው በአብዛኛው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ይሳሳል። ነገር ግን በሳይክል ለሚሄድ ሰው ፏፏቴው ብቻ አይደለም ያለው። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። በዓባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እሱ ነው፤ ሰው የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል። ወደ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ጠዋት ከአዲሱ ድልድይ ተነስቶ፣ በራሱ ጉልበት ተጉዞ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የመጀመሪያው ድልድይ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ የሳይክል መስመር ያላት ሌላ ከተማ አላውቅም። ስሙን «ከድልድይ እስከ ድልድይ» ብትሉት ደስ ይለኛል፤ የተሻለ ስም ካላችሁም ይሁን።

ለዚህ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ሙሉ የተለየ የሳይክል መንገድ ይሠራ አልልም። አቅም አለ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር አለ። የምለው፣ መንገዱ ሲሠራም ሲታደስም ዳር ዳሩ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ለእግረኛና ለሳይክል ይተው። በየመንደሩ መግቢያ የመኪና ፍጥነት ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚያወርድ ነገር ይደረግ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ርቀቱን የሚናገር ድንጋይ ይተከል። ይህ የእኔን ዓይነቱን የእሑድ ነጂ ብቻ አይጠቅምም። ከገጠር ወተትና እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባው፣ ከከተማ ማዳበሪያ ጭኖ የሚመለሰው ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ነው። እንዲያውም መንገዱ የሱ ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ።

አሁን ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩትን ልንገራችሁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በሆነው ነገር ከከተማ ወጥቶ መንዳት ቀርቷል። ጢስ ዓባይን ካየሁ ቆየሁ። ያቺ ውሃ ያመጡልኝ እናት ደኅና ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ይህን እያወቅኩ ስለ ሳይክል መስመር መጻፌ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ወጣቱ ወዴት ይውጣ? ካርታው፣ ምልክቱ፣ ዕቅዱ ዛሬ ወረቀት ላይ ይሥፈር። እስከዚያ ድረስ ከተማ ውስጥ ያለውን እናገናኝ። የከተማው ሥራ የሚጠብቀው ነገር የለም።

ሌሎቹን አቅጣጫዎች በአጭሩ ልጥቀስ። በጎንደር መንገድ እስከ ዘንዘልማ ደርሶ መመለስ ለጀማሪ ይበቃል። ጉልበት ያለው ሐሙሲት ይደርሳል። የጠናበት ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ወረታ ይገባል። መጨረሻ ላይ የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል፤ በክረምት የሩዙ ማሳ ውሃ ይዞ ሰማይ ይመስላል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ መሸንቲን አልፎ መራዊ ድረስ መሬቱ ገር ነው። የመኪናው ብዛት ግን ያሰጋል። ዘጌ የተለየ ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነበርና በኮርስ አልደፈርኩትም። የእናቴን ሳይክል ነው የወሰድኩት። ጫካው ውስጥ ስትገቡ የቡና ዛፉ ጥላ ፀሐዩን ያጠፋዋል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሳይክሌን ዛፍ ላይ አስደግፌ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ በአቧራ ቀይ ሆኖ ነበር።

ስለ ወጣት ተወዳዳሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው። በዘመናችን ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። መስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። እኔ ውድድሩን ከተማሪዎቼ ጋር በስልክ ነው የተከታተልኩት። አንዷ ተማሪዬ የኪጋሊን ዳገት አይታ፣ «ቲቸር፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ዳገት የለም፤ ግን ሜዳ ላይ ማን ይቀድመናል?» አለችኝ። ይህች ልጅ የምትለማመደው በዋናው መንገድ ዳር፣ ከጭነት መኪና ጎን ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ እሑድ እሑድ ብቻ እንኳ፣ አንድ ጎዳና ለመኪና ቢዘጋላት ምን እናጣለን?

ለባጃጅና ለታክሲ ወንድሞቼም ልመና አለኝ። የሳይክሉ መንገድ ባዶ መስሎ ሲታይ አትግቡበት፣ አታቁሙበት። እናንተ ለሁለት ደቂቃ ስትቆሙ እኛ ለሁለት ደቂቃ መኪና መሃል እንወጣለን። ስታልፉን ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ራቁልን። የሞተር ነጂዎችም እንዲሁ። እኛ ሳይክል ነጂዎች ደግሞ ጥፋት አለብን፤ በግራ በኩል ተቃራኒ እየነዳን እንመጣለን፤ ማታ ያለ መብራት እንነዳለን። እኔ ለራሴ መብራት ገጥሜያለሁ፤ ለተማሪዎቼም በየዓመቱ መጀመሪያ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

ዘንባባዎቹንም አደራ። መንገድ ለማስፋት ሲባል ዛፍ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ጥላ የሌለው የሳይክል መንገድ ማንም አይነዳበትም። ዛፍ ባለበት መንገዱን ዞር አድርጉት፤ በሌለበት ዛሬ ትከሉ።

እኔ በበኩሌ ያለኝን ላዋጣ። በአንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ከተማውን በእጄ ሥያለሁ። የትኛው ፍርግርግ ተገልብጦ እንደተገጠመ፣ የትኛው ጠርዝ ጎማ እንደሚመታ፣ የትኛው አደባባይ ላይ ተማሪዎች ወርደው እየገፉ እንደሚሻገሩ ጽፌያለሁ። ሙሉ አይደለም። በየቀኑ የምሄድበትን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ሌላው ነዋሪ የራሱን ሰፈር ቢጨምርበት ይሞላል። ለሚፈልግ መሐንዲስ ደብተሩን እሰጣለሁ።

ከዚያ የተሻለ ግን አብረን ብንነዳው ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጊዮርጊስ አካባቢ ከሐይቁ በኩል እገኛለሁ። በአዲሱ ድልድይ አድርገን ቤዛዊት ወጥተን እስከ 2 ሰዓት እንመለሳለን። መንገድ የምታቅዱ ሰዎች፣ ብትመጡ በአንድ ጠዋት ከዚህ ደብዳቤ የበለጠ ታያላችሁ። ሳይክል የሌለው ካለ የእናቴ አለች። ፍሬኗን አስጠብቄ፣ ጎማዋን አስነፍቼ አቆያታለሁ።